ዋሽንግተን ዲሲ ለአንድ ቀን፦ ለሙዚየሙ፣ ለዘመድ ጥየቃውና ለማታው ሙዚቃ የትኛው መጓጓዣ ይሻላል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዘመድ ያለው መንገደኛ ለስብሰባም ይሂድ ለሽርሽር፣ ካለው ጊዜ ላይ አንዱን ቀን ለሦስት ጉዳዮች ማካፈሉ የተለመደ ነው፦ ጠዋት ሙዚየሞቹንና ሐውልቶቹን ማየት፣ ከሰዓት በኋላ ዘመድ መጠየቅ፣ ማታ ደግሞ ሙዚቃ ያለበት ቤት መውጣት። ሦስቱም በአንድ ከተማ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ ቦታ አይገኙም። ሙዚየሞቹ ዲሲ መሐል ናቸው። ዘመድ ግን በአብዛኛው ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ቨርጂኒያ ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ አለዚያም ከዚያ ርቆ ዉድብሪጅ ይኖራል። ሙዚቃው ደግሞ ተመልሶ ዲሲ ውስጥ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ነው። በመሆኑም ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ የሚወስነው በዋናነት መጓጓዣው ነው።

ምክር አይጠፋም። አንዱ ዘመድ «ሜትሮ አለልህ» ይላል፤ ሌላው «ኡበር መጥራት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «መኪና ተከራይ፣ ትገላገላለህ» ይላል፤ አክስት ደግሞ «እኛ እያለንልህ ምን ሲደረግ!» ብለው ይቆጣሉ። ሁሉም የሚናገሩት ከራሳቸው ኑሮ ተነስተው ስለሆነ ሁሉም በከፊል ትክክል ናቸው። ይህ ጽሑፍ አራቱን አማራጮች፣ ማለትም ሜትሮ የሚባለውን የምድር ባቡር፣ በስልክ አፕ የሚጠሩትን ኡበርንና ሊፍትን ከታክሲ ጋር፣ የኪራይ መኪናንና የዘመድ መኪናን በአንድ ዓይነት መመዘኛ ያነጻጽራል። የተጠቀሱት ሰዓቶች በአሜሪካ፣ ዓመቶቹና ወሮቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ሙሉው ወጪ ነው። ሙሉ ወጪ ማለት የትኬት ወይም የኪራይ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ፓርኪንግን፣ ኢንሹራንስን፣ የመንገድ ክፍያንና ሊመጣ የሚችለውን ቅጣት ጭምር ሲሆን፣ ስሌቱም በሰው ቁጥር ተካፍሎ መታየት አለበት። ለአንድ ሰው ርካሽ የሆነው ለአምስት ሰው ላይረክስ ይችላልና። ሁለተኛው ከበር እስከ በር የሚወስደው ጊዜ ነው። ሦስተኛው መንገዱ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናትና ዕቃ ለያዘ ሰው መመቸቱ ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው በርበሬውንና ሽሮውን ተሸክሞ ዘመድ ቤት ይገባል፤ ሲወጣም ባዶ እጁን አይወጣም።

አራተኛውና እኔ ከሁሉም የበለጠ ክብደት የምሰጠው የማታ መመለሻው ነው። ጠዋት የመጣንበት መንገድ ሌሊት ላይኖር ስለሚችል፣ መጓጓዣ መመረጥ ያለበት ከቀኑ መጨረሻ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። አምስተኛው በዘመድ ላይ የሚወድቀው ሸክም ነው። ይህ በቱሪስት መመሪያዎች ላይ የማይጻፍ ቢሆንም፣ ይሉኝታ ላለበት ሰው ከገንዘቡ እኩል የሚታይ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ የቀኑን ሰዓቶች ማወቅ

አማራጮቹን ከመመዘናችን በፊት የማይንቀሳቀሱትን ሰዓቶች መለየት ይጠቅማል። ስሚዝሶኒያን የተባለው ተቋም የሚያስተዳድራቸው ሙዚየሞች መግቢያ ነፃ ነው። አብዛኞቹም ከዲሴምበር 25 በስተቀር በየቀኑ ከጠዋቱ 10፡00 እስከ ምሽቱ 5፡30 ክፍት ናቸው፤ የፌዴራል መንግሥት በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መሥሪያ ቤቶች ሲዘጉ ግን እነሱም ሊዘጉ ይችላሉ። ነፃ መሆናቸው ሁሉም ዝም ተብሎ የሚገባባቸው ናቸው ማለት አይደለም። በ2016 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየምና መሐል ከተማ ያለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሰዓት የተወሰነለት ነፃ የመግቢያ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝን ይጠይቃሉ። ትኬት ሳይዝ የመጣ ሰው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግባት ይችላል። እዚያ በ2010 የተከፈተው የሰው ልጅ አመጣጥ አዳራሽ ውስጥ፣ በ1974 ሐዳር የተገኘችው ሉሲ በሕይወት ሳለች ምን ትመስል እንደነበር የሚያሳይ ቅርጽ ቆሟል። ዋናው አጽም ያለው አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ስለሆነ፣ «ድንቅነሽን አሜሪካ ሄጄ አየኋት» ብሎ መመለስ ግን አያስኬድም።

በአንጻሩ በ1922 የተመረቀው የሊንከን መታሰቢያ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ ማታ በመብራት ሲታይም ከቀኑ አያንስም። ስለዚህ ጠዋቱን ለሙዚየም ብቻ ትቶ መታሰቢያውን ወደ ምሽት ማዛወር ይቻላል፤ ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን ለዘመድ ጥየቃው ሰፊ ጊዜ ያተርፋል። ከምክር ቤቱ ሕንፃ እስከ ሊንከን መታሰቢያ ያለው ርቀት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑንም አይዘንጉ። ካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚመስሉት ሐውልቶች በእግር ሲሄዱባቸው ሌላ ናቸው፤ እናቱን ወይም አባቱን ይዞ የሄደ ሰው ይህን ርቀት «ወክ» ብሎ ሊያቃልለው አይገባም። ቀድሞ በዚያ መስመር ይሠራ የነበረው ሰርኩሌተር የተባለው አውቶቡስ በ2024 መጨረሻ አገልግሎቱን አቁሟል። ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች፣ አንዳንዴም ለብዙ ዓመት መሐል ከተማ ያልወጡ ዘመዶች፣ አሁንም «አንድ ዶላር ከፍለህ ሰርኩሌተር ያዝ» ይላሉ።

ዘመድ ቤት የሚገባበትን ሰዓት እንጂ የሚወጣበትን ሰዓት እንግዳው አይወስንም። ምሳው ተበልቶ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ፣ የአገር ቤት ወሬ ተጠይቆ እስኪያበቃ ከሦስት ሰዓት ያነሰ መያዝ ማንንም አያስደስትም።

ሙዚቃው ደግሞ አምሽቶ ነው የሚጀምረው። ዩ ስትሪት የጃዝ ሰፈር ነው፤ በ1899 ዋሽንግተን ውስጥ የተወለደው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚህ አካባቢ ሲሆን፣ በ1973 አዲስ አበባ ሄዶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተቀብሏል፤ ሙላቱ አስታጥቄንም ያገኘው በዚያ ጉዞ ነው። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትርና በ1922 የተከፈተው ሊንከን ቲያትር የሚገኙትም በዚሁ ሰፈር ነው። በእነዚህ ቲያትሮች ዝግጅቱ ሲጀመር ገና ምሽት ነው፤ ሲያበቃም ባቡር አለ። ሐበሻ ባንድ የሚጫወትባቸው ቤቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚሞቁት ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ዲሲ ውስጥ የመጠጥ ቤቶች ፈቃድ በአዘቦት ቀን እስከ ሌሊቱ 2 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ እስከ 3 ሰዓት ይፈቅዳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይያዟቸው፤ ከሜትሮ መዝጊያ ጋር እናነጻጽራቸዋለን።

ሜትሮ

ከ1976 ጀምሮ የሚሠራው የምድር ባቡር ለአንድ ወይም ለሁለት መንገደኛ የቀኑ የጀርባ አጥንት ሊሆን ይችላል። በ2024 አጋማሽ ከተደረገው የታሪፍ ማሻሻያ በኋላ፣ በሥራ ቀን እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በሥራ ቀን ከምሽቱ 9፡30 በኋላ ከ2.25 እስከ 2.50 ዶላር ያስከፍላል። አንድ ሰው ቅዳሜ ዕለት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሙዚየም፣ ተመልሶ ወደ ዘመድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ዩ ስትሪት፣ በመጨረሻም ወደ ማደሪያው ቢሄድ አራቱ ጉዞዎች ተደምረው ከ10 ዶላር አይበልጡም። ለአራት ሰው ይህ እስከ 40 ዶላር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የኡበር ዋጋ መጠየቅ ትርጉም ይኖረዋል። ከአንድ ከፋይ አዋቂ ጋር እስከ ሁለት ድረስ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በነፃ ይሳፈራሉ።

አከፋፈሉ ላይ እንግዶች የሚደናገሩባቸው ነገሮች አሉ። ካርዱ ሲገባም ሲወጣም በሩ ላይ ይነካል፤ ሒሳቡ የሚቆረጠው ሲወጡ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሠራም፤ አባት ነክቶ ገብቶ ካርዱን ወደ ኋላ ለልጁ ቢያቀብል ማሽኑ እንቢ ይላል። ስማርትሪፕ የሚባለው ካርድ ራሱ 2 ዶላር ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ ግን ሳይሰኩት የሚነካ የባንክ ካርድ ወይም ካርዱ የተጫነበት ስልክ በቀጥታ በሩ ላይ ማስነካት ስለሚቻል፣ እንዲህ ያለ ካርድ ያለው እንግዳ ማሽኑ ፊት መሰለፍ አያስፈልገውም።

መስመሩን በተመለከተ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን በቀዩ መስመር ላይ ናቸው። ቀዩ መስመር እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ስለሆነ ሁለቱም ጫፎቹ ሜሪላንድ ውስጥ ይገኛሉ፤ «ቀዩን ያዝና ወደ ሜሪላንድ ና» የተባለ ሰው በግሌንሞንት ፋንታ ሼዲ ግሮቭ የሚለውን ባቡር ከያዘ ሮክቪል ራሱን ያገኘዋል። ባቡሩ ግንባር ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ጣቢያ ማንበብ ግድ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ መሐል ከተማው ጋለሪ ፕሌስ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዩ ስትሪት ለመሄድ ግን መሐል ከተማ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ጣቢያ ፎርት ቶተን ላይ ወርደው አረንጓዴውን መስመር ሲይዙ ሦስተኛው ጣቢያ ዩ ስትሪት ነው። ቨርጂኒያ ያሉት ደግሞ ከአሌክሳንድሪያው ኪንግ ስትሪት ሰማያዊውን ወይም ቢጫውን መስመር ይይዛሉ፤ ሰማያዊው ሳይቀየር ሙዚየሞቹ መሐል ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ያወርዳል።

ድክመቱ የሚጀምረው ባቡሩ ከማይደርስበት ቦታ ነው። ብዙ የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ያሉበት የቨርጂኒያው ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ የሜትሮ ጣቢያ የለውም። ጆርጅታውንም የለውም፤ ከ1965 ጀምሮ ጃዝ የሚሰማበትን ብሉስ አሊን የመረጠ ሰው ፎጊ ቦተም ወርዶ በእግር ይቀጥላል። ጣቢያ በሌለበት አውቶቡስ ይረዳል፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲው ራይድ ኦን ከጁን 2025 መጨረሻ፣ የአሌክሳንድሪያው ዳሽ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ክፍያ አይጠይቁም። ዘመድ ቤቱ ከጣቢያ ራቅ ያለ እንደሆነ የትኛው ቁጥር አውቶቡስ በር ላይ እንደሚያልፍ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁሉም ጣቢያዎች አሳንሰር አላቸው፤ ቢሆንም ዊተን ጣቢያ 70 ሜትር የሚረዝመውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያየ አዛውንት መደንገጡ አይቀርም፤ አሳንሰሩ በየት በኩል እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት የተከለከለ ሲሆን፣ ተቋጥሮ የተሰጠውን ዶሮ ወጥ ይዞ መሳፈር ግን አይከለከልም፤ ክዳኑ መጥበቁን ማረጋገጥ የተሸካሚው ኃላፊነት ነው። በሰንበት ቀናት የሐዲድ ጥገና ስለሚበዛም፣ አንዳንድ ጣቢያዎች ተዘግተው መንገደኛው በአውቶቡስ ሊተላለፍ ይችላል።

አሁን ወደ ማታው እንመለስ። ከጁን 2025 ጀምሮ ሜትሮ ዓርብና ቅዳሜ ማታ እስከ ሌሊቱ 2 ሰዓት፣ በሌሎቹ ቀናት እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። እነዚህ ሰዓቶች አገልግሎቱ የሚዘጋባቸው ናቸው፤ በየጣቢያው የመጨረሻው ባቡር የሚያልፍበት ሰዓት ስለሚለያይና መስመር መቀየር ካለ ሁለቱም መያያዝ ስላለባቸው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ መነሳት ያስፈልጋል። ቅዳሜ ሌሊት ባንዱ እስከ 3 ሰዓት ሊጫወት ይችላል፤ ባቡሩ ግን ከዚያ ቀድሞ ሄዷል። ሐሙስ ከሆነ ደግሞ ዘፋኙ መድረክ ሳይወጣ ባቡሩ ሊያበቃ ይችላል። ለቲያትር ኮንሰርት ሜትሮ ይበቃል፤ ለሐበሻ የሙዚቃ ምሽት አይበቃም።

ኡበር፣ ሊፍትና ታክሲ

የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ሌሊት ነው፤ ከሙዚቃው ቤት በር ተነስቶ ማደሪያ በር ላይ ያወርዳል። ዋጋው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ በዝናብ፣ ከሁሉም በላይ መጠጥ ቤቶች በሚዘጉባት ደቂቃ ይወጣል። ሁሉም ሰው አንድ ላይ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ከሚነካካበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሳት ወይም ጥቂት ቆይቶ መጥራት የታወቀ ዘዴ ነው። ክፍያው ከመጥራትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ማነጻጸሩ ቀላል ነው፤ የታየውን ዋጋ ለተሳፋሪው ቁጥር ያካፍሉና ከላይ ከተጠቀሰው የሜትሮ ሒሳብ ጋር ያስተያዩት። ከአራት ሰው በላይ ከሆኑ ትልቁን መኪና መጥራት ስለሚያስፈልግ ስሌቱ ይቀየራል።

እንግዳውን የሚቸግረው ምዝገባው ነው። አፑ መልእክት የሚቀበል ስልክ ቁጥርና የሚሠራ የባንክ ካርድ ይጠይቃል፤ ከአገር ቤት የወጣ ካርድ ሁልጊዜ ላይሳካ ይችላል። ይህን ከአውሮፕላን ከመውረድ በፊት ሞክሮ ማረጋገጥ ይሻላል፤ ካልሆነም ዘመድ በራሱ ስልክ ሊጠራልዎ ይችላል። ሁለተኛው ችግር ሕፃናት ናቸው። በዲሲ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ተገቢውን የልጅ መቀመጫ እንዲጠቀሙ ሕጉ ያዝዛል፤ ጥሪ ተቀብሎ የሚመጣው መኪና ግን መቀመጫ ይዞ መምጣቱ እምብዛም ነው።

ከሾፌሮቹ መካከል የአገራችን ልጆች ብዙ በመሆናቸው ጉዞው አንዳንዴ በጨዋታ ያልፋል። የትኛው ቤት ዛሬ ጥሩ ባንድ እንዳለው ለማወቅ ከእነሱ የተሻለ ምንጭ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የኪራይ መኪና

ቀኑ ዲሲ መሐል የሚያልፍ ከሆነ የኪራይ መኪና ደካማው አማራጭ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚታየው የቀን ኪራይ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም፤ ግብርና ኢንሹራንስ ይጨመሩበታል፣ ክሬዲት ካርድ ላይ መያዣ ይቆረጣል፣ ዕድሜው ከ25 በታች ለሆነ አሽከርካሪም በአብዛኛው ተጨማሪ ክፍያ አለ። ሙዚየሞቹ አካባቢ መንገድ ዳር ማቆም በሰዓት የሚከፈልበት ሲሆን፣ ዩ ስትሪት ዙሪያ ያሉት የመኖሪያ መንገዶች ደግሞ የነዋሪ ፈቃድ ለሌለው መኪና ጊዜ ይገድባሉ። ዲሲ በፍጥነት ካሜራ የተሞላች ናት፤ ከተፈቀደው ከ11 እስከ 15 ማይል ያለፈ ሰው 100 ዶላር ይቀጣል፤ ቅጣቱ መጀመሪያ ለአከራዩ ስለሚደርስ አገር ቤት ከገቡ በኋላ ከካርድዎ ተቆርጦ፣ የአከራዩ የአገልግሎት ክፍያም ተጨምሮበት ሊያገኙት ይችላሉ። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ በሥራ ቀናት ጠዋት ሁሉም ረድፉ ወደ ከተማ፣ ማታ ሁሉም ረድፉ ከከተማ ወደ ውጭ የሚሆን መንገድ መሆኑን ያላወቀ አዲስ አሽከርካሪ ደግሞ የሚገጥመውን መገመት አያዳግትም። ማታ ለመዝናናት የወጣ ሰው ጠጥቶ ማሽከርከር የማይችል መሆኑ ሲታሰብ፣ መኪናው ለቀኑ የመጨረሻ ክፍል ምንም አይጠቅምም።

የሚያዋጣው ቀኑ ከከተማ ሲወጣ ነው። ዘመድ ዉድብሪጅ፣ ማናሰስ ወይም ፍሬድሪክ ከሆነ፣ ጉብኝቱም ማውንት ቨርነን ያለው የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ወይም ዳላስ ኤርፖርት አጠገብ ያለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቅርንጫፍ ከሆነ፣ ለአራት ለአምስት ሰው መከራየት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር የምትገኘው በዚህ ቅርንጫፍ ነው፤ መግቢያው ነፃ ሲሆን ፓርኪንጉ 15 ዶላር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ለሚገባ ግን አይከፈልም።

የዘመድ መኪና

ብዙ ሰው ያለ ማወላወል የሚመርጠው ይህንን ነው፤ ነፃ ነው፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይነዳዋል፣ ጨዋታውም ከመኪናው ይጀምራል። አረጋውያንን ይዞ ለሚሄድ ሰውም የሚተካከለው የለም። ዋጋው ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ስለሆነ ነው የማይታየው።

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ «ኦፍ ነኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ሽፍቱን ከሥራ ባልደረባው ጋር ተለዋውጦ፣ ወይም ጨርሶ ትቶት ነው። የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነው፤ በዚህ ዝቅተኛ ሒሳብ እንኳ እዚያ የሚሠራ ሰው የስምንት ሰዓት ሽፍት ሲተው ከ143 ዶላር በላይ ይቀርበታል። የሁለት ሰው ሙሉ ቀን የሜትሮ ወጪ በሰንበት ከ20 ዶላር ሳይበልጥ፣ «ነፃ» የተባለው ጉዞ የሰባት እጥፍ ያህል ወጪ በዘመድ ላይ ይጥላል ማለት ነው። ቤንዚን ልሙላ ያለ እንግዳ ደግሞ ይወቀሳል እንጂ አይፈቀድለትም። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ዘመድ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ቅዳሜ ማታ እንግዳ ይዞ መዞር ማለት የሳምንቱን ዋና ገቢ የሚያገኝበትን ሰዓት መተው ነው።

ከዚህም ሌላ መኪናው ሲመጣ የቀኑ ሥልጣን አብሮት ይሄዳል። ሙዚየም ውስጥ ሁለት ሰዓት መቆየት የፈለገ ሰው፣ ውጭ መኪና ውስጥ የሚጠብቅ አጎት እንዳለው እያሰበ ሉሲን በጥድፊያ አይቶ ይወጣል። «እግረ መንገዳችንን እነ እገሌንም ሰላም እንበል» የሚለው ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሙዚቃው ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት ግብዣውን እምቢ ይበሉ ማለት አይደለም፤ እምቢታው ራሱ ቅሬታ ይፈጥራል። የሚሻለው ከቀኑ ላይ አንዱን ቁራጭ ብቻ መቀበል ነው። «ጠዋት በባቡር እመጣለሁ፣ እርስዎ ከጣቢያ ይቀበሉኝ» የተባሉ አክስት ክብራቸውም አይነካም፣ ቀናቸውም አይባክንም። ዘመዶቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ ለሁሉም የሚመች ነው፤ ሌሎቹን ዘመዶችም ብዙውን ጊዜ እዚያው ማግኘት ይቻላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ሜትሮ | ኡበር፣ ሊፍት፣ ታክሲ | የኪራይ መኪና | የዘመድ መኪና |
|---|---|---|---|---|
| ወጪ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው | በጣም ዝቅተኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከፍተኛ | ለእንግዳው የለም፤ ለዘመዱ ከፍተኛ |
| ወጪ ለአራት ሰውና ከዚያ በላይ | ዝቅተኛ | ለአጭር ርቀት ተመጣጣኝ | ከከተማ ውጭ ከሆነ ተመጣጣኝ | እንደ ላይኛው |
| ከበር እስከ በር ጊዜ | ጣቢያ ቅርብ ከሆነ ጥሩ | ከመጨናነቅ ሰዓት ውጭ በጣም ጥሩ | መሐል ከተማ ደካማ፣ ውጭ በጣም ጥሩ | ጥሩ |
| ለአረጋውያን፣ ለልጆችና ለዕቃ | አሳንሰር አለ፤ የእግር መንገድ ይበዛል | ጥሩ፤ የልጅ መቀመጫ ግን በአብዛኛው የለም | ጥሩ፤ የልጅ መቀመጫ መከራየት ይቻላል | ከሁሉ የተሻለ |
| የማታ መመለሻ | ዓርብና ቅዳሜ እስከ 2 ሰዓት፣ ሌላ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት | ሁልጊዜ አለ፤ ዋጋው ይወጣል | ለሚጠጣ ሰው አይሆንም | የሚያመሽ ዘመድ ከተገኘ |
| በዘመድ ላይ ሸክም | የለም | የለም | የለም | ከባድ |

በአውቶቡስ እየወረዱና እየተሳፈሩ የሚጎበኙበት የቱሪስት አገልግሎት ሠንጠረዡ ውስጥ ያልገባው ለሐውልቶቹ ብቻ ስለሚያገለግል ነው። ዘመድ ቤትም ሙዚቃ ቤትም አያደርስም።

ለማን የቱ ይሻላል?

ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር የሚዞር፣ ወጪውም ጠበቅ ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ በሜትሮ ሄዶ የሌሊቱን መመለሻ ብቻ በኡበር ቢያደርግ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አያገኝም። ዓርብ ወይም ቅዳሜን ከመረጠና ከሌሊቱ 1፡30 በፊት ለመነሳት ከቆረጠ ደግሞ ኡበሩም ይቀርለታል። ከሁለቱ ቅዳሜ ይመረጣል፤ ታሪፉ ቀኑን ሙሉ ዝቅተኛ ነው፣ ባቡሩም ያመሻል።

እናትና አባቱን ይዞ የሄደ ሰው ለሙዚየሙ ኡበር፣ ለዘመድ ቤቱ የዘመድ መኪና ይጠቀም፤ ሙዚየሙንም አንድ ብቻ ያድርገው። ሊንከን መታሰቢያን ማታ በመኪና አጠገቡ ድረስ ወስዶ ማሳየት ይቻላል። ሙዚቃውን ለወጣቶቹ መተው ወይም ቀደም ብሎ የሚጀምር የቲያትር ዝግጅት መምረጥ ይሻላል።

ሕፃናት ላሉበት ቤተሰብ፣ ዘመድ የልጅ መቀመጫ ያለው መኪና ካለው ጉዳዩ አለቀ፤ ከሌለው ሜትሮ ይሻላል፤ ጋሪውን አሳንሰር ይዞት ይወርዳል፣ መቀመጫ ፍለጋም አይኖርም። መኪና ያለው ዘመድ ቅዳሜ ወይም እሑድ አብሮ መዞር ከፈለገ፣ መኪናውን ዊተን ወይም ግሌንሞንት ጣቢያ ማቆም ይችላል፤ ሜትሮ ራሱ በሚያስተዳድራቸው ማቆሚያዎች በሰንበት ቀናትና በፌዴራል በዓላት አይከፈልም። ከዚያ ሁሉም በባቡር ይገባል፤ አሽከርካሪውም ከእንግዶቹ እኩል ይዝናናል።

ወጪ የማያሳስበውና ጊዜ ያጠረው፣ ለምሳሌ በስብሰባ መሐል አንድ ነፃ ቀን ያገኘ መንገደኛ፣ ኡበርን ለሁሉም ቢጠቀም የሚወቅሰው የለም። ሆኖም በሥራ ቀን ከ4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ምሽት ከመሐል ከተማ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ከሆነ ባቡሩ ሊቀድመው ስለሚችል፣ ያቺን አንድ ጉዞ በቀዩ መስመር ያድርጋት።

ዘመዱ ከሜትሮ በራቀው የቨርጂኒያ ክፍል ለሚኖር እንግዳ የቀኑን ቅደም ተከተል መገልበጥ ያዋጣል። ጠዋት መኪና ተከራይቶ ዳላስ አጠገብ ያለውን ሙዚየም ማየት፣ ምሳና ቡና ዘመድ ቤት፣ ከዚያ መኪናውን ዘመድ ግቢ ትቶ ከዘመድ ልጆች ጋር ወጪውን እየተጋሩ በኡበር ወደ ዩ ስትሪት መውጣት። ማደሪያውም እዚያው ዘመድ ቤት ቢሆን፣ ጠዋት መኪናውን ይዞ ለመመለስ ሌላ ጉዞ አያስፈልገውም።